ናምቼ ላይ የሚያድሩ እንግዶች

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና እንደመጣን፣ እማዬ የማታ ሺፍት ስትገባ እኔን ታች ፎቅ ያሉት እማማ ፓሳንግ ጋ ትተወኝ ነበር። እማማ ፓሳንግ ሸርፓ ከሚባሉት የተራራ ሕዝብ ናቸው። ኔፓል ውስጥ ናምቼ በምትባል የተራራ ከተማ፣ ኤቨረስትን ለማየት በእግር የሚሄዱ ፈረንጆች የሚያርፉበት ቤት ነበራቸው። ያኔ የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ያለ ስለነበር ግማሹን ተረት በእጃቸው ነው የሚነግሩኝ። በቅቤ የምትነድ ትንሽ ኩራዝ ያበራሉ፣ የጭሱ አላርም እንዳይጮህብን መስኮቱን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይጀምራሉ።

እንግዳው ሁሉ ናምቼ በደረሰ በማግስቱ ሽቅብ መሄድ ያምረዋል። እሳቸው ግን አይለቁም። አየሩ ስስ ነው፣ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰውነት ካልለመደው ይገድላል። «ቀን ወጣ በሉ፣ ማታ እዚሁ ተመልሳችሁ ተኙ» ይሏቸዋል። አንዱ ጎረምሳ «እኔ ሯጭ ነኝ» ብሎ ሄደ። በቅርጫት ታዝሎ ተመለሰ። «እንደ ድንች!» ብለው በሳቅ ይፈርሳሉ።

የዚያን ዓመት አስተማሪዬ ኢኤስኤል ከሚሉት የእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ክፍል አውጥታ ሬጉላር ክላስ አስገባችኝ። እማዬ ለዘመድ ሁሉ ኮል አደረገች። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብለሽ አንብቢ ስባል ድምፄ ጠፋ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ተደበቅኩ።

ማታ ለእማማ ፓሳንግ «ሁለተኛ አልሄድም» አልኳቸው።

«ራስሽን ያምሻል?»

«አዎ።»

«ሆድሽንስ ያቅለሸልሽሻል?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ቸኩለሽ ወጥተሻል። ውረጂና እደሪ። ነገ ትንሽ ወጣ ትያለሽ።»

በነጋታው አስተማሪዬን ሳይንስ ብቻ ሬጉላር ክላስ ልማርና ወደ ኢኤስኤል ልመለስ ብዬ ለመንኳት፣ እሺ አለች። እማዬ ናት የተቆጣችው፦ «ሰው ወደ ላይ ይሄዳል እንጂ ይወርዳል እንዴ? አሁን ለዘመዱ ምን ልበል?»

«ናምቼ ላይ ነች በያቸው» አልኳት። የድንቹን ተረት ነግሬያት ስለነበር ሳትወድ ሳቀች።

ከሳይንስ ሒሳብ ጨመርኩ፣ ከሒሳብ ታሪክ። አንድ ቀን ታሪክ ክፍል አንድ ሙሉ ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ማንም አልሳቀም። አስተማሪው «ኢኤስኤልሽስ?» ሲለኝ ነው ሰዓቱ ማለፉን ያወቅኩት።

አሁን ሃይስኩል ነኝ፣ እጄን ሳወጣ ልቤ ዛሬም ይደልቃል። ናምቼን በፎቶ እንኳ አይቻት አላውቅም። ግን አዲስ ነገር ሲያስፈራኝ፣ መጀመሪያ የማስበው ማታ ተመልሼ የት እንደማድር ነው። እሱን ካወቅኩ እወጣለሁ።