የቴፒዋ መበለት

ባሌን በቁሙ አንድ ጊዜ ገድዬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ቴፒ ባዮሎጂ ሳስተምር ከአዲስ አበባ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ መጣ። «ፎቶ ታሪክ መናገር አለበት» ብሎ ጥቁር አለበሰኝ፤ ፊቴን ከሰል ቀብቶ፣ ባዶ ቅርጫት አስታቅፎ ከቡናው ሥር አስቀመጠኝ።

«ምን ሆኜ ነው?» አልኩት።

«ባልሽ የሞተብሽ ቡና ለቃሚ ነሽ።»

«ባሌ እኮ ደህና ነው።»

«ለጥበብ ነው፣ እህቴ። ትንሽ እዘኚልኝ።»

እውነተኞቹ ለቃሚዎች እየሳቁ ታሪኩን አበላሽተውበት ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ስለሆንኩ አዘንኩለት።

ከዓመት በኋላ አንድ እንግዳ ሰባኪ ያንን ፎቶ ከኤግዚቢሽን ገዝቶ፣ እውነት መስሎት ጸሎት ቤታችን ድረስ ይዞት መጣ።

«ይህች እህታችን ባሏን ቀብራ እዚሁ ቴፒ ብቻዋን ቀርታለች። እጃችንን ዘርግተን እንጸልይላት» አለ።

እኔ ነኝ ብዬ እንዳልነሳ አፈርኩ። ጉባኤው እጁን ሲዘረጋ እኔም ወደ ራሴ ዘረጋሁ። አጠገቤ የቆመው ባሌ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከሁሉም በላይ ጮክ አለ፦

«ጌታ ሆይ፣ ለዚህች ምስኪን ጥሩ ባል ስጣት።»

ከልቤ «አሜን» አልኩ።