ያለ እርሾ የተጋገረ ፊደል

እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሰፈሩ የሚነቃው በእኔ ዳቦ ሽታ ነው፤ እኔ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የማንቀላፋ ሰው ነኝ። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተኝቻለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ተኝቼ ሰፈሬን አልፌዋለሁ። ባለፈው ደግሞ በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንኮራፋሁ። ሚስቴ በክርኗ ስትጎስመኝ ብንን ብዬ "ትኩስ አለ" አልኩ አሉ። እኔ አላስታውስም፤ እሷ ግን የምትረሳ ሴት አይደለችም።

ከስብሰባው በኋላ አስተማሪዋ ለብቻችን አስቀረችን። ሚጢ የምንላት ልጃችን ፊደል መለየት አልሆነላትም፤ ወረቀት ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። "ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ካልለየች ከትንንሾቹ ጋር ብትቀር ይሻላል" አለችን። ሚጢ ይህን የሰማች ዕለት ራቷን አልበላችም። የአንድ ወንበር ጓደኛዋ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ልታልፍ ነው። "አባዬ፣ ያለሷ ከማን ጋር ነው የምቀመጠው?" አለችኝ።

"ለእኔ ተዉት" አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱን ልጄ ስለጠላችው ሞኝነቱ ለእኔ ደረሰኝ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ወረቀት ብትጠላ ዳቦ አትጠላም። ፊደሎቹን በሊጥ ሠርቼ እጋግራለሁ፤ ስሙን የጠራችውን ትበላለች። ትሪው ላይ ስደረድራቸው ያምሩ ነበር። የ"ለ"ን እግር፣ የ"መ"ን ሁለት ዓይን እያየሁ ዳቦ ጋጋሪነቴ ቀርቶ ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ። ለልጅ ጥርስ ይለስልስ ብዬም እርሾውን ጨመር አደረግሁ። ዕድሜ ልኬን ሊጥ ሲነፋ እያየሁ የኖርኩ ሰው ሊጥ እንደሚነፋ ረሳሁ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ምድጃውን ስከፍት "ለ"ም አብጦ፣ "በ"ም አብጦ፣ "ሰ"ም አብጦ ጠበቀኝ። "መ"ማ ትራስ ሆኗል። ሚጢ አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ሱሪ።"

"ይሄስ?"

"ይሄም ሱሪ ነው አባዬ። የወፍራም ሰው።"

ሱሪዎቹን ሁሉ በላቻቸው።

በማግስቱ በእልህ እርሾ የሚባል ሳላስነካ ጋገርኩ። ፊደሎቹ ቅርጻቸውን አልለቀቁም፤ ግን ድንጋይ ሆኑ። እንደሚበላ ላሳያት ብዬ "ሐ"ን ስገምጥ መንጋጋዬ ቀጭ አለ። ሚስቴ አፌን አስከፍታ አየችና "ፊደል አስቆጥራት አልንህ እንጂ ጥርስህን አስቆጥር ማን አለህ?" አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ሊጥ መጨረሻ ላይ የተነፋው የእኔ ጉንጭ ብቻ ሆነ።

ሚጢ ግን የማይበላውን ዳቦ ወደደችው። ባዶ ሣጥን ገልብጣ ፊደሎቹን ደረደረች፤ ሽርጤን ታጥቃ ባለሱቅ ሆነች፤ እኔን ደንበኛ አደረገችኝ። "እመቤት፣ ዛሬ ምን አለ?" እላታለሁ። "በ" ስጪኝ ብያት "ለ"ን ካቀበለችኝ "ኧረ ይሄ የትናንት ነው" ብዬ እመልስላታለሁ፤ እየሳቀች ትቀይርልኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ፊደሎቹን ዱቄት ውስጥ ቀብረን፣ ዓይናችንን ጨፍነን በእጃችን ዳስሰን እንለያለን። በዚህኛው ጨዋታ ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ የማደርገው ቢመስላችሁ ደስ ይለኛል። የሙያዬንም ምስጢር አስተማርኳት፤ ደንበኛ የሌለ ነገር ሲጠይቅሽ "አልቋል፣ ነገ ይደርሳል" በይ እንጂ ፊትሽን አታጥቁሪ።

ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ወላጆች በተጠሩበት የፊደል ፈተና ቀን ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ፤ ሽርጤን እንኳ ማውለቅ ረስቻለሁ። አስተማሪዋ የፊደል ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ሚጢ ወረቀቱን ስታይ አንገቷን ደፋች። ጠረጴዛው ሥር ልትገባ እንደሆነ አውቄያለሁ። በሩ አጠገብ በቆምኩበት ላብና ዱቄቱ ፊቴ ላይ ሊጥ ሊሆን ደረሰ። ከዚያ አፌ ቀደመኝ።

"እመቤት፣ ዛሬ ምን አለ?"

ወላጆቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። ሚስቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ሚጢ ግን ቀስ ብላ ቀና አለችና ካርዶቹን እንደ ዳቦ አስተካክላ ደረደረቻቸው።

"ለ አለ። መ አለ። በም አለ" አለች በጣቷ እየነካች። "ሐን ግን አልመክርዎትም፤ ጥርስ ይሰብራል።"

አስተማሪዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ደንበኛ ሆነች። "ሰ"ን ጠየቀች፤ ተሰጣት። "ተ"ን ጠየቀች፤ ተሰጣት። በመጨረሻ "ጨ ፈልጌ ነበር" አለቻት። ክው አልኩ። "ጨ" እግሩ እየተሰበረብኝ አንድም ቀን ያልጋገርኩት ፊደል ነው።

ሚጢ ካርዶቹን ሁሉ ቃኘች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልክ እንደ እኔ ኮስተር አለች።

"ጨ አልቋል። ነገ ይደርሳል።"

አስተማሪዋ ስትስቅ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። "ታልፋለች፤ ከጓደኛዋ ጋር ትቀመጥ። ጨን ግን ነገ እጠብቃለሁ፤ የቤት ሥራው የእርስዎ ነው" አለችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ዱቄት ገባብኝ ብዬ አሳበብኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት "ጨ"ን ጋገርኩ። ደጋግሞ ተሰበረብኝ፤ በመጨረሻ በሦስት እግሩ ቆመልኝ። ሚጢ አገላብጣ አየችው።

"ይሄኛው ሱሪ አይደለም አባዬ" አለችኝ።