«በማን ሰዓት?» ይሉ የነበሩት ጋሽ ደምሰው

አቶ ደምሰው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦበርን ከተማ በሚሠሩበት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ልባቸው ቆሞ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። እናቴ ደውላ ስትነግረኝ ከክፍል እየወጣሁ ነበር። ከእርሷ ጥሪ ቀደም ብሎ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገብቶ ነበር፤ ከከተማችን ውጭ ያለው ተራራ ለዘንድሮው ስኪ መከፈቱን የሚያበስር። የበረዶውን መጠን ይገልጻል፤ ሰዎችን ወደ ተራራው አናት ከሚያወጡት ሊፍቶች የሚሠሩት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል፤ መጨረሻ ላይ «ኑ» ይላል። ያን መልእክት የምቀበለው በበረዶ ላይ ስለምንሸራተት አይደለም። ለጋሽ ደምሰው ላነብላቸው ተመዝግቤ ስለነበር ነው፤ በኋላም ላጠፋው አልቻልኩም።

ይህን የምጽፈው ጋሽ ደምሰውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ሌክ ሲቲ ሰፈር በአንድ ሕንፃ አብረናቸው ለኖርን፣ በቤተ ክርስቲያን «ወንድም ደምሰው» ለምትሏቸው፣ በሚነዱት ባስ ለተሳፈራችሁ። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መጻፍ የታላላቆቼ ድርሻ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ እርሳቸው ብዙ ሰው የሚያምነው አንድ ነገር ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከመቀበራቸው በፊት መነገር አለበት።

ጋሽ ደምሰው ዘጠኝ ክረምት የስኪ ባስ ነድተዋል። ጠዋት ሶዶ በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካለው የባስ ግቢ ተነሥተው ሰዎችን ተራራው ላይ ወዳለችው የመዝናኛ ከተማ ያደርሳሉ፤ አመሻሽ ላይ መልሰው ያወርዳሉ። ከዚያ በፊት አገር ቤት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው። የሁለቱን መንገድ ልዩነት ሲያስረዱኝ፣ «እዚያ ጎማው ነው የሚፈነዳው። እዚህ ጎማው ደኅና ነው፤ መንገዱ ነው ጥሎሽ የሚሄደው» ብለውኛል። ስኪ አንድ ቀን እንኳ እግራቸው ላይ አስረው አያውቁም። በረዶ ይወዱ እንደሆነ ተሳፋሪዎች ሲጠይቋቸው፣ «እኔና እሱ በሥራ ነው የምንተዋወቀው» ይሉ ነበር።

እኔን የፈለጉኝ ለእንግሊዝኛው ነው። የመንገድ ምልክትም ሆነ ፎርም ማንበብ አያቅታቸውም። ተራራው በየጠዋቱ የሚያወጣው የበረዶ ሪፖርት ግን፣ እርሳቸው እንደሚሉት፣ «የራሱ አገር እንግሊዝኛ» ነበር፤ ፊደሉም ለዓይናቸው ደቃቅ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴን አስፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይደውላሉ፤ እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሪፖርቱን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። በምላሹ አማርኛዬን ያርሙልኛል። ዛሬ ይህን በአማርኛ መጻፍ የቻልኩት በዚያ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን፣ ተጠቅጥቆ የጠነከረ በረዶ ለማለት የሚጽፉትን «ፓክድ ፓውደር» «የታሸገ ዱቄት» ብዬ ተረጎምኩላቸው። 

«ሶሲ» አሉኝ፣ «እኔ የምጭነው ሰው ነው ወይስ የመርካቶ ዕቃ?»

ወር ሙሉ በደወሉ ቁጥር ዱቄቱ ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር።

«ኧርሊ ሲዝን ኮንዲሽንስ» የሚለው ግን ሁለታችንንም አስቸገረ። በረዶው ገና ስስ ሆኖ ድንጋዩና ሣሩ ሳይሸፈን ተራራው ሲከፈት የሚጽፉት ይህንን ነው። «የወቅት መጀመሪያ ሁኔታ» አልኳቸው። አልተቀበሉኝም። ፎቶው ላይ ምን እንደሚታይ ጠየቁኝ፤ ድንጋይ ይታያል አልኩ።

«እንግዲያው ጥሬ ነው በይ» አሉኝ። «ገና አልበሰለም፤ እነሱ ግን ርቧቸዋል።»

ከዚያ ወዲህ የኅዳር ተራራ በእኛ ቋንቋ ጥሬ ተራራ ሆነ።

ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ የሚጠነቀቁት ለጥሬው ተራራ ነበር። በመጀመሪያው በረዶ ሰው ሁሉ አምና የቻለውን መንዳት ረስቶ ይወጣል። መንገዱም ቀን እርጥብ ሆኖ ይውልና ማታ ይረጋል፤ ውኃው በረዶ ሆኖ ያንሸራትታል። ሪፖርቱ መንገዱ ማታ እንደሚረጋ ከተናገረ፣ ጋሽ ደምሰው ከጠዋቱ የባሱ መስታወት ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ዛሬ የምንወርደው በዘጠኝ ሰዓት ነው ይላል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ድንጋይ የጫረውን ስኪውን ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ ስኪዬ ተበላሽቶ ያገኘሁት ግማሽ ቀን ብቻ ነው ብሎ ተቆጣቸው። የመለሱለትን ለእኔ በአማርኛ ነግረውኛል፤ «ተራራውን ነገም ታገኘዋለህ። አንተን ግን ዛሬ የተረከብኩህ እኔ ነኝ።»

ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አንድ ሣጥን ነበራቸው። ተሳፋሪ ረስቶ የሄደውን ጓንት ሰብስበው ቤታቸው ያጥቡታል፤ ባለቤቱ ካልመጣ ሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ተራራው ላይ ባሉት ሆቴሎች ዕቃ ለማጠብና ክፍል ለማጽዳት በዚያው ባስ ከሚወጡት አዲስ መጤዎች መካከል እጁን ብብቱ ውስጥ የከተተ ካዩ፣ ምንም ሳይሉ ሣጥኑን በእግራቸው ወደ እርሱ ይገፉለታል። ጥንዱ አንድ ዓይነት አይሆንም። «እጅህ እንጂ ጓንቱ ይዛመድ አላልኩም» ብለው አንዱን የሀገራችንን ልጅ እንዳሳቁት ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። እኔ እዚህ ያደግኩ ነኝ፤ ሰዓት የማስበው በፈረንጅ ነው። እርሳቸው ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረው የሚያስቡት በሀበሻ ነበር። ስለዚህ ሰዓት በጠራሁ ቁጥር «በማን ሰዓት?» ይላሉ። እኔም «በፈረንጅ» ወይም «በሀበሻ» ብዬ እመልሳለሁ። ይህን ሳይጠይቁ ስልኩን የዘጉበት ቀን የለም። በዚያች ቀንም ጠይቀዋል። ጠይቀዋል፤ ይህ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

አምና ኅዳር፣ ተራራው የተከፈተ ዕለት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የምልከውን ጽሑፍ ለማረም ቀድሜ ተነሥቼ ኮምፒውተሬ ላይ ነበርኩ። ጽሑፉ ማኅበረሰቤን ስለማገልገሌ ነው። በየጠዋቱ ለጎረቤቴ ሪፖርት እንደማነብ ጽፌ፣ ዓረፍተ ነገሩን ለማሳመር እየደከምኩ ሳለ ራሳቸው ደወሉ። ዓይኔን ከጽሑፉ ሳልነቅል ነገርኳቸው፤ ተራራው ጥሬ ነው፣ መንገዱ አሁን እርጥብ ነው፣ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ይረጋል።

«በማን ሰዓት?»

«በእኛ» አልኩ።

«በእኛ?»

«አዎ ጋሼ፣ በእኛ።»

«እሺ፣ ተባረኪ» ብለው ዘጉ።

«በእኛ» ስል ያሰብኩት የትምህርት ቤቴን፣ የስልኬን ሰዓት ነበር፤ በሀበሻ ቢሆን አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ነው። እርሳቸው ደግሞ «እኛ» ስላቸው እኔን ከእርሳቸው ጋር ቆጠሩኝ። በሀበሻ ማታ አምስት ሰዓት ማለት ተሳፋሪው ሁሉ ቤቱ ገብቶ የተኛበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ባሱ እንደወትሮው አመሻሽ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቢነሣ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም። ወረቀቱን አልለጠፉም።

ባሱ ከተራራው እየወረደ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ተጋደመ። አንዲት ተሳፋሪ እጇ ተሰበረ። ጋሽ ደምሰው ጉልበታቸው ተጎድቶ ሳለ ሰዎቹን አንድ በአንድ በኋላው በር አወጡ፤ ርዳታ እስኪደርስም የጓንቱን ሣጥን አዞሩላቸው። መሥሪያ ቤታቸው ሪፖርቱን አንብበው እንደሆነ ጠየቃቸው። «ተመልክቼዋለሁ። ሰዓቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከሥራ ወጡ። መከፈቱን ለከተማው ሁሉ በስልክ ያበሰረ ተራራ፣ ሰው ጭኖ ለሚወርደው ሾፌር «ፈጥነህ ውረድ» የሚል አንድ መልእክት አልላከም። ይህን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። የሰማሁት ሌላ ነው፤ ደምሰው መሪ ላይ ተኝቶ ነው የሚል።

በሳምንቱ ቤታቸው ሄጄ እግራቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው አገኘኋቸው። ስለ ሰዓቱ ነገርኳቸው። እርሳቸው ግን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ለእናቴ ነግሬ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልነገርኩም አልኩ።

«ጥሩ። አትንገሪ» አሉ። «ባስ የሚገለብጥ ሾፌር ነው። ተማሪ ባስ ገለበጠች ተብሎ አይወራም።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የታላቅ ቃል የምታከብር ልጅ እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ፤ ታዘዝኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ እያለኝ ታዘዝኩ።

እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ቫን አረጋውያኑን ከየቤታቸው የሚያመጡት እርሳቸው እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ጉልበታቸው ትንሽ እንደተሻለው፣ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች ተጠርተው ለጊዜው እንዲያርፉ በትሕትና ተነገራቸው። እኔ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ወንበር እያነሣሁ ነበር። የቫኑ ቁልፍ ከቀለበቱ አልወጣ ብሎ ብዙ ታገሉት። ወጣላቸውና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ኦኬ» ብቻ አሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ይቀር ነበር። ወንበሩን አነሣሁ።

«ለጊዜው» የተባለው አንድ ዓመት ሆነ። ጋሽ ደምሰው በዚያ ጉልበታቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩበት የኦበርን መጋዘን ገቡ፤ እሑድም በከተማ አውቶቡስ እየመጡ ከኋላ መቀመጥ ጀመሩ። እኔ በዚያ ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ደውለው እንኳን ደስ ያለሽ ካሉኝ በኋላ፣ ከእንግዲህ ተራራውን ለማን እንደማነብ ጠየቁኝና ሳቁ። ባለፈው ወር፣ አሁንስ ልናገር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፈተናሽን ጨርሺ» አሉኝ። ፈተናዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰሞኑን በለቅሶው ቤት «ጠንቃቃ ሰው ነበሩ» ሲባል ሰማሁ። ከአምና ኅዳር ወዲህ ይህ ቃል ስለ እርሳቸው ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው፤ የሚናገሩትም ቁልፉን የተቀበሉት ናቸው። የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው አበባ ከካርድ ጋር ልኳል። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ካርዱን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። «በረዶን ከልባቸው ይወዱ ነበር» ይላል። በትክክል ተረጎምኩላቸው። ከዚያ እዚያው ተቀምጬ ሌላውንም ሁሉ ነገርኳቸው።

እትዬ ሙሉ ለረጅም ጊዜ ካርዱን ሲያጥፉ፣ መልሰው ሲዘረጉ ቆዩ።

«እኔም እኮ ተኝቶ ይሆናል ብዬ ነበር» አሉኝ። «ዓመቱን ሙሉ፣ ሥራ ሲሄድ ‹ደግሞ እንዳትተኛ› እያልኩ ነው የምሸኘው። አንድ ቀን ‹አልተኛሁም› አላለኝም።»

ከዚያ «ጻፊው» አሉ።

ጻፍኩት። አቶ ደምሰው መሪ ላይ አልተኙም። ሪፖርቱን ችላ አላሉም። ሰዓቱን ጠይቀዋል፣ ደግመውም ጠይቀዋል፤ የተሳሳተውን መልስ ሁለት ጊዜ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ አስከሬናቸውን የምትሸከሙ ሁሉ ይህን እያወቃችሁ ተሸከሙ።

ጋሽ ደምሰው፣ ቃልዎን አፍርሻለሁ፤ ይቅር የሚሉኝ ስላፈረስኩት ሳይሆን ስለዘገየሁ ይሁን። ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነቅቼ ሪፖርቱን አነበብኩልዎ። ሁለት ሊፍት ነው የሚሠራው፤ በፎቶው ላይ ድንጋዩም ሣሩም ይታያል። ጥሬ ነው። ሰዎቹ ግን ተሰልፈዋል። የቀብርዎን ማስታወቂያ በሁለቱም ቋንቋ እንዳዘጋጅ ለእኔ ሰጡኝ። «ቅዳሜ አምስት ሰዓት» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ፤ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት አምስት ሰዓት፣ በሀበሻ፤ በፈረንጅ አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። «በእኛ» የሚለውን ቃል አልጻፍኩም፣ ጋሼ። እርሱን ይዘውት ይሂዱ። ከሁለታችን ትርጉሙን በትክክል የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ።