ያጠብኳቸው አላዶች

ትናንት ከሰዓት በኋላ አው ዩስፍ «ቆርቆሮሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ» ብለው ሰው ላኩብኝ። ደነገጥኩ። የሰበሰብኳቸውን ሳንቲሞች የማኖርበትን ቆርቆሮዬን ፈልገውት አያውቁም።

አው ዩስፍ ከከተማችን ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ገባ ብሎ ካለች ጠባብ መንገድ ላይ የሚሠሩ፣ ለክብራቸው «አው» የምንላቸው ሽማግሌ ብር አንጥረኛ ናቸው። የገጠር ሴቶች የድሮ ብር አምጥተው ይሸጡላቸዋል፤ እሳቸው አቅልጠው ለሙሽሮች አምባር ይሠሩበታል። አማርኛ መጻፍ ስለማይችሉ ለማዘጋጃ ቤት የሚያስገቡትን ማመልከቻ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ጽሕፈቴ ደህና ነው። እሳቸው ደግሞ ለእሳት ከተዘጋጁት ሳንቲሞች አንዱን መርጬ እንድወስድ ይፈቅዱልኛል።

እኔ የምመርጠው የተበሳውን ብቻ ነው። ጎረቤታችን የሆኑት መምህር የሚሰበስቡት ሌላ ነው... በየንጉሡና በየዓመቱ ለይተው ካርቶን ላይ ይደረድራሉ፤ ጭረት ያለበትን አያስጠጉም። «የተበሳ ሳንቲም የሞተ ሳንቲም ነው» ይሉኛል።  በልቤ ግን፣ ያልተበሳው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የኖረ ነው እላለሁ። የተበሳው የሰው አንገት ላይ ውሏል። የማን አንገት ይሆን እያልኩ ሳስብ ያመሻል።

ባለፈው ወር መምህሩ «እስቲ አምጪና ልያቸው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም በሎሚና በአመድ ፈትጌ አጠብኳቸው። እንደ አዲስ አብረቀረቁ። መምህሩ ሲያዩዋቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ! ሳንቲም ይታጠባል እንዴ? የስንት ዘመን መልኩን እኮ ነው የገፈፍሽው!»

አለቀስኩ... ግን ጥፋቴ እስከ ትናንት በደንብ አልገባኝም ነበር።

ትናንት አው ዩስፍ ጋ ስደርስ አንዲት የገጠር ሴት በሩ ላይ ተቀምጣለች። ኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ስላደግሁበት ይገባኛል። አምና ልጇ ታማ፣ ለመድኃኒት መግዣ ከልጅቱ አንገት ላይ ፈትታ ለአው ዩስፍ አንድ አላድ ሸጣለች፤ በምኒልክ ጊዜ የብር ግማሽ የነበረውን ማለት ነው። አው ዩስፍም «አዝመራው ሲገባ መጥተሽ ትወስጃታለሽ፣ አስቀምጥልሻለሁ» ብለዋት ነበር። ልጅቱ ግን አዝመራው ሳይደርስ ሞተች።

«ሌላ ምንም የላትም» አለች ሴትየዋ። «ልብሷን ለድሃ ሰጠነው። አላዷን ብቻ ስጡኝ።»

አው ዩስፍ ወናፋቸው ላይ እንዳቀረቀሩ «እዚች ልጅ ጋ ናት፣ ከቆርቆሮው ፈልጊ» አሏት።

ቆርቆሮዬ ውስጥ አላዶቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱም ከንጉሡ ዘውድ በላይ የተበሱ ናቸው። አውጥቼ መዳፏ ላይ አደረግኩላት። አላየቻቸውም... አንዱን አንስታ አሸተተችው።

«ስድስት ዓመት አንገቷ ላይ ውላለች» አለችኝ። «ጠጉሯን ቅቤ ስቀባት እየወረደ እሷ ላይ ነበር የሚያርፈው። ዓይኔን ብጨፍንም አላጣትም።»

አመድ ነው የሸተታት። ሁለተኛውንም አነሳች... ሦስተኛውንም። ደግማ ከመጀመሪያው ጀመረች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

«የለችም» አለች በመጨረሻ። ሦስቱንም ቆርቆሮው ውስጥ መልሳ ልትነሳ መሬቱን በእጇ ተደገፈች።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፤ ሰው ፊት ድምፄ አይሰማም እኮ። ከሦስቱ አንዱን አንስቼ «ይህቺ ናት!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠብኳት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሳላጥባት በፊት ቅቤ ቅቤ ትሸት ነበር።»

ውሸቴን ነው። ስለሽታው ትዝ የሚለኝ ነገር የለም።

ሴትየዋ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አላዷን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት፤ ብዙ ቆየች። 

«አዎ...» አለች። «አዎ፣ አሁን ሸተተኝ። አልሐምዱሊላህ!»

እጄን ስማኝ ሄደች። አው ዩስፍ እስክትርቅ ድረስ ቀና አላሉም።

«አላህ ያክብርሽ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ከሦስቱ የትኛዋ ነበረች አው ዩስፍ? እርስዎ ያውቃሉ አይደል?»

 ጉጠታቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

«የሷማ በሳምንቱ እሳት ገብታለች። ለአንዲት ሙሽራ አምባር ብር ቢጎድለኝ ጨመርኳት፤ ወላሂ ትመለሳለች ብዬ አላሰብኩም። ሙሽራይቱ እዚሁ አቦከር ሰፈር ናት ያለችው፣ አምባሩን እጇ ላይ አየዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ ናት አሏት?»

«ምን ልበላት? አፌ አልታዘዝ አለኝ። ከነዚያ አንዷን የኔ ናት ብላ ትወስዳለች ብዬ ነው...»

 ቆርቆሮዬን ከድኜ ወጣሁ። እንዲህ እያልኩ ሄድኩ... ባላጥባቸው ኖሮ፣ ሴትየዋ ገና አንዴ ስታሸት የሷ እንደሌለችበት ታውቅ ነበር። ይሻል ነበር ወይስ ይብስ? ማንን እጠይቃለሁ?

ፈላና በር ስደርስ ሴትየዋን ከግንቡ ጥግ ተቀምጣ አየኋት። ከሻሿ ጫፍ ክር መዝዛ፣ አላዷን ሰክታ፣ የራሷ አንገት ላይ እያሰረች ነበር። ፊቷ በርቷል። ሳታየኝ ተመልሼ ረጅሙን መንገድ ዞሬ በሌላው በር፣ በሸዋ በር ወጣሁ።

ሰው የተቆጣን ሲሸሽ አውቃለሁ... ደስ ያለውን ሰው መሸሽ ግን ትናንት ነው የጀመርኩት።