ደርበው ያላለው ቃል

ደርበው ዳንግላ ወህኒ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ዘብ ቆሞ በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። በወር አሥራ ሁለት ብር ይደርሰኛል ብሎ ሲጠብቅ ከፋዩ አሥራ ስምንት ቆጠረለት።

«ጌታዬ፣ አልበዛም?»

«አባቴ፣ መንግሥት ሲሰጥ ይጠየቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀ ከፋዩ።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንዲሁ ወሰደ። የሚስቱ የደብሪቱ ዓይን ታሞ ነበርና ደብረ ማርቆስ ድረስ እየተመላለሰ አሳከማት። አንዱ ተረፈላት፤ አንዱ ጠፋ።

በሃያ ዘጠነኛው ወር አዲስ የመጣ የጡረታ ሹም አስጠራው። «በስህተት መቶ ስድሳ ስምንት ብር ትርፍ ተከፍሎዎታል» አለውና ወረቀት ዘረጋለት።

«እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ። ባንድ ጊዜ አምጡ እንዳይሉዎ ነው» አለው ሹሙ።

ዕድሜውን በትእዛዝ የኖረ ሰው ነው፤ ምን እንደተጻፈ ሳይጠይቅ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ከአሥራ ሁለቱ አራት ብር ተቆረጠበት።

ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፈው ቢሻው ይህን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። «ስህተቱ የእነሱ ከሆነ፣ እርስዎም በቅንነት ከበሉት፣ ሕጉ መልሱ አይልዎትም!»

ደርበው የዚያን ዕለት ከስንት ቀን በኋላ እህል ቀመሰ።

ቢሻው ማመልከቻውን ጻፈለት፤ ዳኛውም በደንብ ሰሙት። ኋላ ግን የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው፣ ደርበው ያተመበት ወረቀት ተነበበ፦ «ትርፍ መሆኑን እያወቅሁ ስለወሰድሁ ከጡረታዬ ይቆረጥ።»

«ጣቱ የእርስዎ ነው?» አሉ ዳኛው።

«የኔ ነው ጌታዬ። እንዲህ ግን አላልሁም። እንዲያውም በዝቷል ብዬ ጠይቄ ነበር።»

«ማን ሰማ?»

ከፋዩ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል።

«አማርኛ ይሰማሉ አይደል?»

ደርበው ከቤቱ የሚያወራው በአዊኛ ነው፤ እስረኛ ሲቆጥር የኖረው ግን በአማርኛ ነው። መዋሸት አልሆነለትም። «እሰማለሁ» አለ።

«አውቄ ወሰድሁ ላለ ሰው ሕጉ የሚያቆይለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሲሶ በላይ አይቆረጥበትም። አራት ብር የአሥራ ሁለት ሲሶ ነው» ብለው ዳኛው መዝገቡን ዘጉ።

ቢሻው የማመልከቻውን ዋጋ አልቀበልም አለ። «አዲስ አበባ ይግባኝ ይበሉ» ቢለውም ደርበው «በምን ስንቅ?» ብሎት ሄደ።

ዕዳው ሳያልቅ በነሐሴ ብርድ መታውና ሞተ። ደብሪቱ ለመበለት የሚሰጠውን ስድስት ብር ልትቀበል ብትሄድ ሁለቱን ለባሏ ዕዳ አስቀርተው አራት ሰጧት። ምነው ብላ አልጠየቀችም።