የአጎቴ ሕመም ሁለት ምክንያት

ብዙ ጅልነት ሠርቻለሁ፤ አዋቂ ነኝ ብዬ የሠራሁትን የሚያህል ግን የለም። ዛሬም ዝናብ የመታው የበግ ጠጉር ዝተት ሲሸተኝ ፊቴ ይግላል።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ጨርሼ አገሬ ዘመሮ ገባሁ። የሥነ ልቦና አንድ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ውጤቴ ሲ ነው። ሆኖም ከአውቶቡስ ከወረድኩ ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስመረምር ሰነበትኩ። ጎረቤታችን ከላሟ ጋር ስታወራ እንኳ የበሽታ ስም አውጥቼላታለሁ።

እቤት አጎቴ ነበሩ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዝተት ሸማኔ። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይጠራቸዋል፤ ድምፁ ሲበዛባቸው አረቄ ይጠጣሉ። ሰዉ «ኃጢአቱ ነው» ይላል። እሳቸውም አምነው፣ ጠበል እየተመላለሱ ያልሠሩትን ጥፋት ሲናዘዙ ይውላሉ።

በዚያ ክረምት ለእህቴ ሽማግሌ መጣ። ልጁን ትወደዋለች፤ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ውጭ ይዘንባል፤ ሽማግሌዎቹ የደረቡት ዝተት ከእሳቱ ዳር ይተናል። አጎቴ በሩ ሥር ቁጭ ብለዋል። በእኛ አገር ዘር ሳይቆጠር፣ ደዌ ሳይጠየቅ ልጅ አይሰጥም። ቆጥረው ቆጥረው ከእናቴ ወገን ደረሱ።

«የእኚህስ ሕመማቸው ምንድን ነው?» አሉ አንዱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አባቴ አፉን ሳይከፍት እኔ ከፈትኩ። «የአንጎል ሕመም ነው። ጥፋታቸው አይደለም፤ በዘር የሚመጣ ነው።»

አጎቴ ቀና አሉ። ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር። ሽማግሌው ግን ሊነሱ ምርኩዛቸውን ከግድግዳው ሳብ አደረጉ። «በዘር?» ጓዳ ውስጥ ዕቃ ወደቀ። አባቴ አየኝ።

«ማለቴ... በዘር እንኳ አይደለም» አልኩ። «አረቄው ነው። ራሳቸው ያመጡት ነው።»

«እሱማ የሌለበት ቤት የለም» ብለው ሽማግሌው ሳቁ፤ ምርኩዙም ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ጠላ ተቀዳ። አጎቴ አንገታቸውን ደፉ።

እህቴ ተዳረች፤ ደህና ትዳር ነው። እኔ አሁን ብጠየቅ ዘሩም አለበት፣ ኑሮውም አለበት፣ እኛ የማናውቀውም አለበት እላለሁ። ግን የሚጠይቀኝ የለም።

ወደ ትምህርቴ ስመለስ አጎቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። ራሳቸው የሠሩትን ዝተት ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ጫፉን ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«ያን ዕለት ሁለት ነገር ተናግረህ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለእኔ የመጀመሪያው ይሻለኝ ነበር» አሉኝ።