የሸክላው ጀርባ

ጣሊያን ቡሬ ላይ በሰፈረ ሰሞን አንድ ዓረብ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ አመጣ። ሸክላዎቹ አሮጌ ነበሩ፤ አንዱ እናቶቻችን በልጅነታቸው የጨፈሩበት የአዝማሪ ዘፈን ነው። እኛ ኮረዶቹ ግን አዲስ ነገር ያገኘን መስሎን አበድን። ጨው ልንገዛ እንገባና ጨውን ረስተን እየዘፈንን እንመለሳለን።

ሸክላው ታዲያ ቦታ አንሶት ኖሮ ከግጥሙ መሐል ይቆማል። «ዓባይ ማዶ ሆኖ ቢጣራ ወዳጄ» ይልና ጭጭ። እኛ ምን እናውቃለን፣ ወጉ መስሎን እዚያው ላይ እኩል ጭጭ ማለትን ተለማመድን። ኮርተንበታል ደግሞ!

ሙሉውን የሚያውቅ ሰው እቤቴ ነበር። የእናቴ ወንድም ፈረስ ቤት በሚባለው አገር የታወቀ አዝማሪ ነው፤ ጣሊያን አርበኛ ያነሳሳሉ ብሎ አዝማሪዎችን ማደን ሲጀምር ማሲንቆውን ጎተራ ውስጥ ቀብሮ እኛ ዘንድ መጣና ገበሬ ነኝ አለ። በሬ ሲጠምድ እንኳ አያንጎራጉርም። እንደዚያ ያለ ሰው አፉን ዘግቶ ሲኖር ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ዳስ ውስጥ ያንኑ ዘፈን አወጣነው። የሙሽራው ዘመድ የሆነ አንድ የባንዳ አለቃም ከነጠመንጃው ተቀምጧል። «ቢጣራ ወዳጄ» ብለን ከበሮውን ቀጥ አደረግን። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

«ምነው ልጆቼ፣ መድረሻው የታለ?» አሉ አንዲት ባልቴት።

«አበቃ እኮ እመይቴ፤ ሸክላው እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው» አልሁ።

«ኧረ ዘፈን ከወገቡ ተቆርጦ!»

ዳሱ በሳቅ ሲናጋ አጎቴን አላስቻለው። ከጥግ ሆኖ «ታንኳ አጥቼ ቀረሁ ተቀምጬ ከደጄ» ብሎ አደረሰው። ድምፁ የገበሬ ድምፅ አልነበረም። ሳቁ ቆመ፤ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አለቃው ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ሰውዬ፣ ይህን ከየት ተማርኸው?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የመለስሁት እኔ ነኝ፦ «ከሸክላው ነው ጌታዬ። ቀሪው በጀርባው አለ፤ እኔ ነኝ ያስጠናሁት።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። የዚያ ሸክላ ጀርባ ልሙጥ ነው፤ ምንም አልተቀዳበትም።

«ነገ ሄጄ እሰማዋለሁ» አለ አለቃው።

እናቴ አጎቴን ሂድ፣ ተሰወር ብላ ለመነችው። «ብሸሽ አመንሁ ማለት ነው፤ እናንተን ያቃጥሏችኋል» አለና እንቢ አለ።

ጠዋት ሱቁ ስደርስ አለቃው ቀድሞኛል፤ ሁለት ወታደሮቹ ከደጃፍ ቆመዋል። ዓረቡ ግራ እየገባው ሸክላውን ገለበጠና መርፌውን አሳረፈበት። ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የለም። አሁን አለቃው ይዞርብኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ራሱን ደፍቶ ያዳምጣል። አንድ ሙሉ ዘፈን የሚያህል ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ወጣና ወታደሮቹን፣

«ልጅቱ አልዋሸችም። እስከ መጨረሻው አለ፤ እንሂድ» አላቸው።

በዕድሜዬ የባንዳ እጅ መሳም ያማረኝ ያን ቀን ብቻ ነው።